እስኪገጥም

ከክላክስቪክ ወዲያ፣ ከገደሉ በታች፣
የዓሣ መኖ መርከብ በሰንሰለት ታስራ አለች፤
ሸራ የላት፣ ሞተር፣ የትም አትሄድ እሷ፣
ሳልመን ማጉረስ ብቻ ነው ሥራዋና ነፍሷ።
ሆዷ ውስጥ ይኖራል ያረጀ ኮምፒውተር፣
ቱቦ የሚከፍት፣ መኖ የሚሰፍር።
እሱ የደነዘዘ ዕለት፣ እንደ ግትር በቅሎ፣
ሰው መሄድ አለበት ማዕበሉን ከፍሎ፣
ቀስቅሶት፣ በጥቁሩ ስክሪን ላይ ስትመጣ
«ለመቀጠል ኤፍ አንድን ይጫኑ» የምትል ጣጣ፣
አንዲት ቁልፍ ሊጫን።
አንዲት ቁልፍ፣ በቃ።

ትሮንዱር ነበረ ባለፈው ጥር የሄደ፣
በሌሊት፣ ነፋሱ ገደሉን እየናደ።
ቁልፏን ተጫናት፤ ዓሣዎቹ በሉ።
ሲመለስ ወጀቡ ፊት ለፊት ገጠመው፣
ገመድና ብረት ግራ እጁን ቆረጠመው።
«ለአንዲት ቁልፍ ሁለት ጣት፣ ርካሽ ነው» ይላል፣
የቀሩትን ስምንት ዘርግቶ ይስቃል።
ሚስቱ ግን አትስቅም።

እኔ ራንቫ ነኝ፤ የመርከቧን ሽቦ የማክም።
ስለት አልተሳልኩም፣ ሻማም አላበራሁ፣
የብየዳ ብረቴን ሶኬት ላይ ሰካሁ፣
መዳፍ በምታህል ትንሽ ኮምፒውተር
ከወጥ ቤቴ ሆኜ ልነካው ያን ግትር።
እጅ መሥራት ቀላል፣ አንድ ማታ በቃኝ፤
ዓይን መምረጥ ነው እንጂ እንቅልፍ የነሳኝ።

የመጀመሪያዋ ዓይን አውራ ጣት ታህላለች፣
ከቶርስሃቭን ሱቅ በሚያብረቀርቅ ሳጥን መጣች።
«አራት ኬ» ይላል ሳጥኑ፤ ሰክቼ ሳያት ግን
ሩቡን ነው የምታይ፤ ያም በእፍኝ ሲዘገን
እንደ ድፍርስ ውኃ፣ ፊደሉ ይፈርሳል፣
ጠቋሚውን ስገፋ ቆይቶ ይደርሳል።
«ይሁን፣ ቀርፋፋም ብትሆን ታይ የለም?» አልኩና
ከመጋዘን ያመጣሁትን የሽማግሌውን መንታ
አጥፍቼ አስነሳሁት እንደገና።
ጨለማ።
ሁሉ ነገር ተነስቶ ካማረ በኋላ ነው የምታይ፤
ያቺን የጥቁር ሰሌዳ ቅጽበት፣ ነጩን ፊደል፣ አታይ።
ትሮንዱር የሄደው ለዚያች ቅጽበት ነበር።
ለሠርግ ብቻ የሚመጣ ዘመድ ምን ያደርጋል ለችግር?

ሁለተኛዋ ዓይን ከሼንዘን መጣች፣
ሦስት ሳምንት ባሕርና ጉምሩክ ቆጠረች።
ሳጥን የላት፣ ጌጥ የላት፣ ራቁቷን ካርድ ናት፣
አረንጓዴ ዝምተኛ፣ የጥብጣብ ጅራት ያላት።
ወደድኳት።
ግን ጥብጣቧ አሥራ አምስት መስመር፣
የኔዋ ቀዳዳ ሃያ ሁለት። ይህን ማን አስቦት ነበር?
ሌላ ጥብጣብ አዘዝኩ። ሁለት ሳምንት ጠብቂ አሉኝ።

በዚያ መሃል አንድ ማታ መኖው ቆመ።
ትሮንዱር የጎማ ልብሱን ለበሰ፤
ጓንቱንም፣ ሁለት ጣቱ ባዶ የሆነውን።
ማንም ማንንም አላየም።
በማለዳ ተመለሰ።

ጥብጣቡ መጣ። ልክክ አለ።
ስክሪኑ ግን ጥቁር።
ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ፤ ለካ ገመድ ሲገናኝ
ሽማግሌው ይጠይቃል፦ «ማነሽ? ምን ያህል ታያለሽ? ንገሪኝ።»
የኔዋ ካርድ መልስ የላትም፤ ዝም።
እሱም ላላወቀው እንግዳ ፊቱን አይገልጥም።
ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ባይት መታወቂያ ጻፍኩላት፣
«ትልቅ ነኝ» እንዳትል አደራ አልኳት።
«በዚህ ልክ አያለሁ፤ ከዚህ በላይ አልችልም» በይው።
ያቺ ባለ ሳጥኗ ይህን ቃል አታውቀው።

ኅዳር ማብቂያ ላይ ነፋሱ ጣሪያ ሲፈትን
ትሮንዱር ወጥ ቤቴ ነበር፣ በካልሲው፣ ሻይ ይዞ።
መርከቧ ደነዘዘች። ከዚሁ አጥፍቼ አስነሳኋት።
ጥቁሩ መጣ፤
ከጥቁሩ ላይ ነጯ ዓረፍተ ነገር፣ ሳትፈርስ፣ ሳትዘገይ።
«ተጫናት» አልኩት።
በግራ እጁ ተጫናት፣ ከቀሩት ጣቶች በአንዷ።
ከጨለማው ማዶ ቱቦዎቹ ተነፈሱ።
እሱ ግን ስክሪኑን አላየም፤
መስኮቱን ነበር፣ ጀልባው የታሰረበትን።

«ገጠመ» አልኩ በቀስታ።
«ማን ከማን?» አለ ትሮንዱር፣
ጫማውን በዓይኑ እየፈለገ።